ተሽከርካሪ ዥዋዥዌ ልሠራ ነው፤ ሞተሩ ይበቃል ወይ?

በያጁ ድሬ፦

ሰላም ጀመዓ። ድሬዳዋ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የታንከር ማቆሚያ፣ የልጆች ሸርተቴ እንሠራለን። አሁን አንድ የመዝናኛ ቦታ ያለው ደንበኛ ተሽከርካሪ ዥዋዥዌ ሥራልኝ ብሎኛል። ለኢድ እንዲደርስለት ነው የሚፈልገው። ያው መሃል ላይ ምሰሶ፣ ከላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጉ ክንዶች፣ ከክንዶቹ ጫፍ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች ያሉት፣ ሲዞር ወንበሮቹ ወደ ውጭ የሚበሩበት ማለት ነው።

ዕቅዴ እንዲህ ነው። 12 ወንበር ይኖረዋል። ከመሃል እስከ ክንዱ ጫፍ 4 ሜትር። ሰንሰለቱ ከማሰሪያው እስከ ተቀማጩ ሆድ ድረስ 3 ሜትር። ማሰሪያው ከመሬት 3.8 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ምሰሶው ወፍራም ቱቦ ነው። አናቱ ላይ የአይሱዙ የኋላ ጎማ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) ከነኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ልገጥምና ክንዶቹን እሱ ላይ በቡሎን ላስር አስቤያለሁ። ሞተሩ 5.5 ኪሎዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ፣ በደቂቃ 1,440 ዙር ነው። 1 ለ 60 የሚቀንስ ዎርም ጊር ሪዱሰር (በጠመዝማዛ ጥርስ ዙር የሚቀንስ የማርሽ ሳጥን) በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። የቀረውን በቺንጊያ እቀንሳለሁ።

ጥያቄዬ፦ ሞተሩ ይበቃል? በደቂቃ ስንት ዙር ላድርገው? ደግሞ ወፍራም ሰውና ትንሽ ልጅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ወፍራሙ የበለጠ ወደ ውጭ ወጥቶ ልጁን አይመታውም? መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? ድሬ መሆናችንን አትርሱ።

ስዕል ሳልጨርስ ብረት መግዛት አልፈልግም። የምታውቁ እርዱኝ።


መካኒካል ከከዚራ፦

ወንድሜ፣ ብረት ሳትገዛ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ከቀላሉ ልጀምር።

ወፍራሙና ልጁ እኩል ነው የሚወጡት። ሰንሰለቱ የሚያዘነብልበት አንግል በክብደት አይወሰንም። የሚወስኑት የዙሩ ፍጥነት፣ የክንዱ ርዝመትና የሰንሰለቱ ርዝመት ናቸው። ክብደት ወደ ታች የሚስበውንም ወደ ውጭ የሚገፋውንም እኩል ስለሚጨምር ይጣፋል። ባዶ ወንበር እንኳ እዚያው ጎን ለጎን ይበራል፤ ንፋስ ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋው ይሆናል እንጂ።

በሰጠኸው ልክ ሠርቼልሃለሁ። በደቂቃ 6 ዙር ላይ ሰንሰለቱ 10 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። 8 ዙር ላይ 20 ዲግሪ፣ 10 ዙር ላይ 32፣ 12 ዙር ላይ ደግሞ 44 ዲግሪ ይደርሳል። ከ10 ወደ 12 መሄድ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን 12 ዲግሪ ጨመረች ማለት ነው። ስለዚህ በጆሮና በዓይን ግምት ፍጥነት እንዳትጨምር። እኔ ብሆን 10 ላይ እዘጋዋለሁ። በ10 ዙር ተቀማጩ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከቆመበት ከፍታ ደግሞ 45 ሳንቲ ያህል ብቻ ነው የሚነሳው። ለቤተሰብ የሚሆን ነው። ሰንሰለቱ ላይ ያለው ጭነት ከተቀማጩ ክብደት ወደ 1.2 እጥፍ ነው። 12 ዙር ላይ 1.4 እጥፍ ይሆናል።

አጥሩን ረስተኸዋል። በ10 ዙር የተቀማጩ መሃል አካል ከምሰሶው 5.6 ሜትር ይርቃል። እግሩን ሲዘረጋ፣ እጁን ሲወረውር ደግሞ ጨምርበት። እኔ አጥሩን 8 ሜትር ላይ አደርገዋለሁ። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ካለ ቅርንጫፉንም አብረህ ለካ።

ሞተሩን በተመለከተ፣ በጣም ይበቃል። እንዲያውም የሚያሳስበኝ መብዛቱ ነው። 12 ሰው ከነወንበሩ እያንዳንዱ 70 ኪሎ ብንል 840 ኪሎ ነው። ይህን ከቆመበት በ20 ሴኮንድ ወደ 10 ዙር ለማድረስ መሃሉ ላይ ወደ 1,400 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት ይበቃል፤ ከፍተኛው ኃይልም 1.5 ኪሎዋት ያህል ነው። የንፋሱን፣ የማንሻውንና የኩሽኔታውን ሰበቃ ጨምረህ 4 ኪሎዋት ከበቂ በላይ ነው። የአንተ 5.5 ግን በቀጥታ ስዊች ሲበራ መነሻ ጉልበቱ ከመደበኛው ሁለት እጥፍ በላይ ይሆንና፣ በሪዱሰርና በቺንጊያ ተባዝቶ ክንዶቹ ጋ ሲደርስ ከ10,000 ኒውተን ሜትር ያልፋል። የሚያስፈልግህ 1,400 ነው። ክንዶቹ ይፈነጠራሉ፣ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ቀርተው እርስ በርስ ይጋጫሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ዎርም ጊሩን ተወው። በደንብ ስማኝ። 1 ለ 60 የሚቀንስ ዎርም ጊር ከሞተሩ ወደ ክንዱ ይነዳል እንጂ ከክንዱ ወደ ሞተሩ አይነዳም። ይቆልፋል። ለሊፍትና ለማንሻ ዕቃ ጥሩ ነው። እዚህ ግን መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፣ ከላይ ያለው 840 ኪሎ ግን መዞሩን መቀጠል ይፈልጋል። ያ ሁሉ ጉልበት ጥርሱ ላይ ይወድቃል። በ20 ሴኮንድ ያስነሳኸውን በ1 ሴኮንድ ብታቆመው የሚያስፈልገው 1,400 ሳይሆን ወደ 28,000 ኒውተን ሜትር ነው። ወይ ጥርሱ ይላጫል፣ ወይ ፔርኖው ይቆረጣል፣ ወይ ምሰሶው ይጠመዘዛል። ሁሉም ቢይዝ እንኳ ወንበሮቹ ይወነጨፋሉ። የመብራቱ ጥያቄህና የሪዱሰሩ ጉዳይ አንድ ናቸው።

አማራጩ፦ ወደ ኋላም የሚሽከረከር ባለ ሄሊካል ጥርስ ሪዱሰር። ወይም ከታች ሰፊ የብረት ቀለበት ሠርተህ በአየር በተነፋ ጎማ አስነዳው። ጎማው ከመጠን በላይ ጉልበት ሲመጣ ይንሸራተታል፤ ጥርስ አይሰበርም። ለእኛ አገር ወርክሾፕ እኔ ጎማውን እመርጣለሁ። ሲበላ ይታያል፣ በግማሽ ቀን ይቀየራል።

የሞዞው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ማታ እመለሳለሁ።


የሽመንደፈር ልጅ፦

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በባቡር ወርክሾፕ ነው የጨረስኩት። አክሰልና ጎማ ነበር ሥራዬ። ስለ ሞተር ሌሎቹ ይንገሩህ፤ እኔ ስለ ምሰሶው ግርጌ ብየዳ ልንገርህ።

ሰው ሁልጊዜ 12ቱን ወንበር ሞልቶ አይቀመጥም። በአንድ ጎን ስድስት ሰው ተቀምጦ ሌላው ጎን ባዶ ሆኖ ሲዞር፣ ምሰሶው በየዙሩ አንድ ጊዜ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይታጠፋል። ዓይን አያየውም። ግርጌው ላይ ያለው ብየዳ ግን አሁን ይሳባል፣ ከሦስት ሴኮንድ በኋላ ይጨመቃል፣ እንደገና ይሳባል። የባቡር አክሰል የሚሰበረውም በዚሁ መንገድ ነው። አክሰሉ ይዞራል፣ ጭነቱ ይቆማል። ያንተው ላይ ምሰሶው ይቆማል፣ ጭነቱ ይዞራል። ለብረቱ ያው ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ቬርሳይ አጠገብ የባቡር አክሰል ተሰብሮ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች ብረት ይደክማል ወይ ብለው አጥብቀው መመርመር የጀመሩት። ቮለር የሚባል ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ አክሰል እያዞረ ዓመታት ፈጅቶ አሳየ። አንዴ ቢጫን ምንም የማይሆን ብረት፣ ያንኑ ጭነት መቶ ሺህ ጊዜ እየተመላለሰ ሲያገኘው ይሰነጠቃል።

ያንተን አስላው። በደቂቃ 10 ዙር፣ በሰዓት 600። በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ 2,400። በዓመት ከ800,000 በላይ። አክሰል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ግርጌው ላይ እንደ በር ፍሬም አትበይደው። ጠርዙን በሞላ ፈልፍለህ ብየዳው እስከ ውስጥ እንዲገባ አድርግ። ለዚህ ቦታ 6013 ኤሌክትሮድ አትጠቀም፤ 7018 ይሁን፣ ደረቅ ይሁን፣ ፓኬቱ ከተከፈተ ቆይቶ እርጥበት የጠጣ እንዳይሆን። ብየዳው ከቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በግራይንደር አለስልሰው። የሦስት ማዕዘን ድጋፍ ላሜራ የምትጨምር ከሆነ ጫፉን ቁልቁል አሹልና ጨርስ፤ ድንገት አይቁም፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ድጋፉ ባለቀበት ቦታ ነው። ደግሞ ውድና ጠንካራ ብረት ገዝቼ አመልጣለሁ አትበል። ለተበየደ ቦታ ድካም የብረቱ ጥንካሬ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ጭነቱን መቀነስና ቅርጹን ማለስለስ ነው።

ምርመራው ደግሞ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። በእኛ ጊዜ የምንሠራውን ልንገርህ። ብየዳውን እስኪያበራ ታጸዳዋለህ። ላምባ ትቀባዋለህ፣ ትንሽ ታቆየዋለህ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርገህ ጠርገህ የተፈጨ ጠመኔ ትነሰንስበታለህ። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጥቁር መስመር ይሠራል። አሁን በቆርቆሮ የሚሸጥ ቀይ ቀለም አለ፤ እሱ ይሻላል፣ ካገኘኸው ግዛ። ካላገኘህ ግን ምክንያት የለህም። በየወሩ አድርገው፤ ቀኑን ጽፈህ ያዝ።


መካኒካል ከከዚራ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይህን ማንም አይነግረውም ነበር።

እንግዲህ ሞዞው። ስድስት ሰው በአንድ ጎን ሲቀመጥ አናቱ ላይ ምሰሶውን ለማጠፍ የሚመጣው ኃይል ከ10,000 ኒውተን ሜትር በላይ ነው። ግርጌው ጋ ሲደርስ፣ ወደ ውጭ የሚስበውን ጨምሮ፣ 17,000 ገደማ ይሆናል። የአይሱዙ ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ፤ ተቀራርበው ነው የተቀመጡት። በመካከላቸው 10 ሳንቲ አለ ብንል እያንዳንዱ ከ10 ቶን በላይ ወደ ጎን ይገፋል። አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ። ሞዞው የተሠራው መኪና ለመሸከም ነው፤ እንዲህ ለመጣመም አይደለም። ሁለቱን ኩሽኔታዎች በ1.2 ሜትር ብታራርቃቸው ግን ያው ጭነት ወደ 900 ኪሎ ይወርዳል። ለውጡ የርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርግ፦ መሃል ላይ የማይዞር ምሰሶ፣ በላዩ ላይ እንደ እጅጌ የሚገባ የሚዞር ወፍራም ቱቦ፣ ከላይ አንድ ኩሽኔታ ከታች አንድ ኩሽኔታ። የላይኛው ክብደቱንም ይሸከም፣ ስለዚህ ባለ ቴፐር ይሁን። ሁለቱም መቀመጫ ቶርኖ ቤት ተስተካክሎ ይውጣ እንጂ በብየዳ አይገጣጠም፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይጎትተዋል፣ መሃሉ ይስታል። ግራሶ መስጫውን ከመሬት ሆኖ በቱቦ እንዲደርስ አድርገው። መሰላል የሚፈልግ ግራሶ ማንም አይሰጠውም።

አንድ ነገር ደግሞ። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ፋየር ቦል የሚባል መጫወቻ በዙር ላይ እያለ ተሰብሮ አንድ ወጣት ሞተ፣ ሌሎች ሰባት ሰዎች ቆሰሉ። አምራቹ ሲመረምር ያገኘው ምክንያት ዝገት ነው። የክንዱ ውስጥ በልቶት የብረቱ ውፍረት አልቆ ነበር። ከውጭ ቀለሙ ይታያል፣ ውስጡ አይታይም። አንተም ክንዶቹን በቱቦላሬ ስለምትሠራ ሁለቱን ጫፍ በብየዳ ሙሉ በሙሉ ድፈናቸው። መድፈን የማትችለው ካለ ደግሞ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ተውለት። ድሬ ደረቅ ናት ብለህ አትዘናጋ፤ ዝናቡ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ።


ኤሌክትሪክ ሳቢያን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የኔ ድርሻ ትንሽ ነው ግን ይደረግ።

ሞተሩን በኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ንዱት። ሰው ኢንቨርተር ሲባል ዋጋውን ያስባል፣ ነገር ግን 20 ሴኮንድ ቀስ ብሎ መነሳትና 20 ሴኮንድ ቀስ ብሎ መቆም የሚሰጣችሁ እሱ ነው። ከፍተኛውን ዙርም ውስጡ ትቆልፉታላችሁ። ኦፕሬተሩ ልጆች ጨምርልን ጨምርልን ሲሉት ከ10 ማለፍ አይችልም። ስታር ዴልታ የሚባለው የሞተር ማስነሻ ዘዴ የመነሻ ጉልበቱን ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርዳል፣ ግን ፍጥነት አይገድብም፣ ማቆሚያውንም አያለሰልስም።

ቀዩ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ላይ ተጠንቀቅ፣ ወንድም በያጁ። ብዙ ሰው ቁልፉ ሲመታ ፍሬን እንዲያንቅ አድርጎ ይገጥመዋል። መካኒካሉ የነገረህን የ1 ሴኮንድ ጉዳይ በገዛ እጅህ ፈጠርክ ማለት ነው። ቁልፉ ኃይሉን ይቁረጥ፣ ፍሬኑ ቀስ ብሎ ይያዝ። መብራት ሲጠፋም እንደዚያው፤ መጫወቻው በራሱ ሰበቃ እየተንከባለለ ይቁም። ተቀማጩ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ስላልሆነ ሲቆም በእግሩ ይወርዳል። መብራቱ ሲመለስ ግን በራሱ እንዳይነሳ! ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ሰው ከወንበሩ እየወረደ ሳለ መብራት ተመልሶ ክንዱ ቢነሳ ምን እንደሚሆን አስቡት። ኮንታክተሩ (ለሞተሩ መብራት የሚያገናኘው ማብሪያ) ኦፕሬተሩ እንደገና ካልተጫነ በቀር የማይይዝ መሆን አለበት። አንድ ፌዝ ሲጎድል የሚቆርጥ ሪሌም ይኑረው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ሞተሩ የሚሠራው እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ አየር ታስቦ ነው። የድሬ ግንቦትና ሰኔ እዚያው ጫፍ ላይ ያደርስሃል። ሞተሩን በላሜራ ሳጥን አፍነህ ፀሐይ ላይ ከተውከው ውስጡ ከዚያ በላይ ነው። ጥላ ሥራለት፣ ነፋስ ይግባለት። የኢንቨርተሩ ሳጥን ደግሞ አቧራ የማያስገባ ይሁንና ግድግዳ ጥላ ሥር ይሰቀል።


ጀጎል፦

እኔ ሐረር ነኝ፣ መጫወቻ ቦታ ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ። መሐንዲሶቹ ያልነኩትን ልናገር።

ሰው ስታስቀምጡ ተቃራኒ ወንበሮችን መጀመሪያ ሙሉ። አንድ እዚህ ካስቀመጣችሁ ቀጣዩን ፊት ለፊቱ። ጋሼ የነገሩን መታጠፍ በዚህ ብቻ በጣም ይቀንሳል፣ ዋጋውም ነጻ ነው። ወንበሮቹን ቁጥር ጻፉባቸው፣ ኦፕሬተሩ ማሰብ አይኖርበትም።

ሰንሰለቱ በግራ ሁለት በቀኝ ሁለት፣ አራት ይሁን፤ እያንዳንዱ የራሱ ማሰሪያ ይኑረው። አንዱ ቢበጠስ ወንበሩ ሳይገለበጥ እንዲቀር። ከገበያ የውሻ ሰንሰለት የሚመስል ነገር አትግዙ። ለማንሻ የተሠራ፣ ቀለበቱ ላይ 8 ወይም 80 የሚል ምልክት ያለው ይሁን። ማሰሪያ ፔርኖው የሚበላው ቀድሞ ነው፤ ሰንሰለቱን ሁሉም ያያል፣ ፔርኖውን ግን አውጥቶ የሚያይ የለም። ዳዶውም በኮፒሊያ (በቀዳዳ አልፎ በሚታጠፍ የሽቦ መቆለፊያ) ይታሰር እንጂ በማጥበቅ ብቻ አይቆይም፤ ሲወዛወዝ ይፈታል።

የወንበሩ መዝጊያ ብረት ልጅ በራሱ የማይከፍተው ሁለተኛ መቆለፊያ ይኑረው። በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ቀበቶም ጨምሩ። ትንሽ ልጅ ወደፊት ተንሸራትቶ ከብረቱ ሥር ነው የሚወጣው። በር ላይ የቁመት መለኪያ አቁሙና፣ እናትዬዋ ብትለምንም አባትዬው ቢቆጣም ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ አይግባ። በበዓል ቀን ይህን ማስከበር ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለዚህ ኦፕሬተሩን ባለቤቱ መደገፍ አለበት፤ ካልደገፈው ልጁ ይገባል።


በያጁ ድሬ፦

አቦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ጋሼን። ዎርም ጊሩን ትቼዋለሁ፣ ጎማውን ነው የማደርገው። ምሰሶውንም በእጅጌ ቱቦ እየሳልኩት ነው። ደንበኛዬንም ለኢዱ እንደማይደርስ ነግሬዋለሁ፤ ትንሽ ከፍቶት ነበር፣ ግን ተስማምቷል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ቦታው ከደቻቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም፣ አፈሩ አሸዋ ነው። መሠረቱን ምን ላድርገው? ሰው ከመቀመጡ በፊትስ እንዴት ልፈትነው?


መካኒካል ከከዚራ፦

መሠረቱ ላይ መነሻ ብቻ ልስጥህ። 2.5 በ2.5 ሜትር፣ 80 ሳንቲ ጥልቀት ያለው በፌሮ የታሰረ ኮንክሪት 12 ቶን ገደማ ይመዝናል። 17,000ውን ኒውተን ሜትር በክብደቱ ብቻ ሳይላላ ይይዛል። ግን አሸዋ ነው አልክ። አሸዋ ውሃ ሲያጥበው ከሥር ይሸሻል፣ የ1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ ያየ ሰው ደቻቱ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለዚህ ሲቪል መሐንዲስ ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን ይይ፣ ጎርፍ የሚደርስበት ከሆነ ቦታውን ቀይሩ። ሙሉ ስዕሉንም ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አይቶ ይፈርምበት። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ኢኤን 13814 እና አይኤስኦ 17842 የሚባሉ ደረጃዎች አሉ፣ በእነሱ ይሥራ። እኔ እዚህ የጻፍኩት ስዕልህን ለማስጀመር ነው።

ፈተናውን በአሸዋ ከረጢት አድርገው። በየወንበሩ 75 ኪሎ አስረህ 12ቱንም ሙላና ሙሉ ቀን አዙረው። ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ ስድስቱን ሙላ፣ ሌላውን ባዶ ተው፣ በ10 ዙር አዙረው። የምሰሶውን መወዛወዝ ከርቀት ቱምቢ ሰቅለህ ተመልከት። ከዚያ በሙሉ ፍጥነት እያለ ዋናውን ብሬከር ቁረጠው። ወንበሮቹ ሳይጋጩ ተንከባልሎ መቆም አለበት። ይህን ደጋግመው። በእያንዳንዱ ፈተና ጊዜ ማንም አጥሩ ውስጥ አይቁም፣ አንተም ጭምር። ሲያልቅ ከረጢቶቹን አውርደህ የጋሼን ላምባና ጠመኔ ይዘህ ግርጌውንና እያንዳንዱን የክንድ ሥር ተመልከት። ቡሎኖቹንም እንደገና አጥብቅ፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁልጊዜ ይላላሉ።


የሽመንደፈር ልጅ፦

ሲፈተን ንገረኝ ልጄ። ቅርብ ነኝ፣ ጠመኔውን ይዤ እመጣለሁ።